የሰዓት መስታወትና የተሸሸገው ምልክት

ሰው የእጅ ሰዓቱን መስታወት አሻግሮ ያያል እንጂ መስታወቱን ራሱን አያየውም። ኩባንያዎች ምልክታቸውን እዚያ ላይ የሸሸጉትም ይህን አውቀው ሳይሆን አይቀርም።

ስፒድማስተር የተባለውን የኦሜጋ ሰዓት እንውሰድ። ናሳ በ1965 እ.ኤ.አ. ለጠፈርተኞቹ መርጦት፣ በ1969 በባዝ አልድሪን ክንድ ላይ ሆኖ ጨረቃን ረግጧል። መስታወቱ መስታወት አይደለም፤ ሄሳላይት የሚሉት ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ቶሎ ይጫጫራል፣ ሲመታ ግን እንደ ብርጭቆ አይበተንም። ክብደት በሌለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚንሳፈፍ ስብርባሪ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጭረቱ ደግሞ በጥርስ ሳሙና ታሽቶ ይለቃል! መሐሉ ላይ፣ ልክ ከቆጣሪዎቹ ዘንግ በላይ፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በቀላሉ የማትታይ የኦሜጋ ምልክት አለች።

ብዙዎቻችን የምናስረው ሰዓት መስታወት ግን በሙቀት ወይም በኬሚካል የጠነከረ ተራ ብርጭቆ ነው፤ የሴኮው ሃርድሌክስም ከዚሁ ወገን ነው። ጠላቱ አቧራ ነው፤ በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ስለሆነ ብርጭቆን ይጭራል።

አቧራ የማይደፍረው ሰንፔር ነው። ጥንካሬው 9 ሲሆን የሚበልጠው አልማዝ 10 ነው። ለሰዓት የሚውለው ግን ከመሬት አይቆፈርም፤ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦገስት ቬርኔይ በ1902 ባስተዋወቀው ዘዴ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚፋጅ ነበልባል ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው እየተደራረበም ተገልብጦ እንደቆመ ሻማ ወደ ላይ ያድጋል። ከዚያ በአልማዝ መሣሪያ ይቆረጣል። አይጫርም ማለት ግን አይሰበርም ማለት አይደለም፤ ጠርዙን ከድንጋይ ጋር ካጋጩት ይፈረካከሳል።

ሮሌክስ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሰንፔሩ ጠርዝ፣ 6 ቁጥር ጋ፣ በሌዘር ነጠብጣቦች የተሠራች ዘውድ ያስቀምጣል። ለማየት ሰዓቱን ብርሃን ላይ አዘንብሎ አጉሊ መነጽር መያዝ ያስፈልጋል። አረንጓዴ መስታወት ያለው ሚልጋውስ የተባለው ሞዴሉ ግን ዘውዷ የለችውም፤ ስለዚህ ዘውዷ ባትገኝም ሰዓቱ የግድ ሐሰተኛ ነው አይባልም።

ብትገኝስ? አስመሳዮቹም ዘውድ ይቀርጻሉ፤ የብዙዎቹ በባዶ ዓይን መታየቱ ነው የሚያጋልጣቸው። በእኔ አስተያየት ምልክቱ ስለ መስታወቱ እንጂ ስለ ሰዓቱ አይመሰክርም። መስታወት በቀላሉ ከሚቀየሩት የሰዓት አካላት አንዱ ነውና፣ ገዢ የጀርባውን ክዳን አስከፍቶ ማሽኑን ለሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ቢያሳይ ይሻለዋል።