የጂኖምና የኤፒዲሚዮሎጂ ጥምር ቅኝት

የጂኖምና የኤፒዲሚዮሎጂ ጥምር ቅኝት የወረርሽኝን መነሻና ስርጭት በሁለት ዓይነት መረጃ የመከታተል ዘዴ ነው። የኤፒዲሚዮሎጂ ቅኝት ማን፣ የትና መቼ እንደታመመ፣ ከማን ጋርም ንክኪ እንደነበረው ይመዘግባል። የጂኖም ቅኝት ደግሞ ከሕመምተኞች በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለውን ተህዋስ የዘረመል ቅደም ተከተል ያነባል።

አሠራር

ቫይረስ ሲራባ በዘረመሉ ላይ አልፎ አልፎ ጥቃቅን ለውጦች ይፈጠራሉ። ለውጦቹ ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ሊተላለፉ ስለሚችሉ የቫይረሱን የዘር ሐረግ ለመሥራት ያገለግላሉ። ዘረመላቸው በጣም የሚመሳሰል ሁለት ናሙናዎች የቅርብ ዝምድና አላቸው። ሆኖም ዘረመል ብቻውን በሽታው በሆስፒታል ይሁን በለቅሶ ቤት እንደተላለፈ አይገልጽም። የንክኪ መዝገብም ሕመምተኛው ራሱ የማያውቀውን ግንኙነት አይዝም። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

የጊኒ ኢቦላ

እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የተስፋፋው ኢቦላ ከ11,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በፌብሩዋሪ 2021 በሽታው በጊኒ ንዜሬኮሬ አካባቢ እንደገና ታየ። የንክኪ ክትትል በርካታ ሕመምተኞች በአንዲት የጤና ባለሙያ ቀብር ላይ ተገኝተው እንደነበር አሳየ። ቫይረሱ ወደ አካባቢው ከየት እንደመጣ ግን አልታወቀም ነበር፤ አዲስ ወረርሽኝ አብዛኛውን ጊዜ ከዱር እንስሳ እንደሚነሳ ይታመን ነበር።

የጂኖም ምርመራው የ2021ዱ ቫይረስ ከቀድሞው ወረርሽኝ ቫይረስ እጅግ ጥቂት ልዩነት ብቻ እንዳለው አረጋገጠ። ቫይረሱ በእነዚያ ዓመታት ያለማቋረጥ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቢቆይ ኖሮ ልዩነቱ ብዙ በሆነ ነበር። በመሆኑም ተመራማሪዎች ቫይረሱ ከበሽታው በዳነ ሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ቆይቶ እንደተላለፈ ደመደሙ። ወረርሽኙ በክትባትና በንክኪ ክትትል ተገትቶ በጁን 2021 ማብቃቱ ታወጀ። ግኝቱ ከኢቦላ የዳኑ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የሕክምና ክትትል እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከመገለልም መጠበቅ እንዳለባቸው አሳስቧል።

ገደቦች

ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ቦታ ካልተመዘገበ የጂኖም ውጤቱ ጥቅም ይቀንሳል። ናሙናዎች ከጥቂት ከተሞች ብቻ ሲሰበሰቡ በገጠር የሚዘዋወር ዝርያ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ውጤቱ ከዘገየም ስርጭቱ ይቀድመዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ በሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2020 የተህዋስያን ጂኖም መርሐ ግብር የጀመረው የአህጉሩን ላቦራቶሪዎች አቅም ለማጠናከር ነው።