ስለ ምግብ ዘይት አመራረጥ፤ ይልቁንም ስለ ጎጃም ኑግ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ ሌሊቱ እጅግ በበረደበት ማለዳ፣ ከገበያ የተገዛው ዘይት በዕቃው ውስጥ ነጥቶና ረግቶ ይገኛል። ባለቤቲቱ ይህን አይታ ዘይቱ ተመርዟል ትላለች፤ ጎረቤቷም በደም ሥር ውስጥ እንዲሁ ይረጋል ብላ ታስፈራታለች። ሁለቱም እውነት አይደለም። የመርጋቱን ምክንያት ማወቅ ግን ለወረዳ ሹማምንትም ለባለመሬቶችም የሚጠቅም ነው።

እንዲህ የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው። ከ100 እጅ 50 ያህሉ በብርድ የሚረጋ የስብ ዓይነት ነውና። የሰው ገላ ሙቅ ስለሆነ በደም ሥር ውስጥ አይረጋም፤ ዳሩ ግን ለብዙ ዘመን በብዛት ቢበላ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ያበዛል፤ ይህም ሥሩን እያጠበበ ልብን ይጎዳል። ቅቤ በዚህ ነገር ከፓልም ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ይህን ለጎጃም ሰው መናገር ቢከብድም እውነቱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በቀን ከሚበላው ምግብ ከሚያገኘው ኃይል የሚረጋው ስብ ድርሻ ከ100 እጅ ከ10 እንዳይበልጥ ይመክራል።

የኑግ ዘይት ግን በብርድ አይረጋም። ከ100 እጅ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ የተባለው ቅባት ነው፤ ይህንንም ገላ በራሱ ሊያበጀው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ይገባዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ቅቤ ከማዕድ ይነሣልና፣ ወጡ የሚሠራበት ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነ መመርመር በዚህ አገር ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል። ኑግም የኢትዮጵያ የራሷ ተክል ነው፤ ሌላው እህል በማይወደው፣ ውኃ በሚቋጥር መሬት እንኳ ይበቅላል፤ አበባው ለንብ፣ ፋጉሎውም ለከብት ይሆናል።

ነገር ግን ኑግ ነው ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ኑግ አይደለም። የኑግ ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ ፓልም እየቀላቀሉ የሚሸጡ አሉ። የማለዳው ብርድ አንዳንዱን ያጋልጣል፤ ፈጽሞ የታመነ ምስክር ግን አይደለም፤ ጥቂት የተቀላቀለበት ላይረጋ ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በዘሩ ውስጥ የሚገባው አረም ነው። አርጌሞን የሚባል፣ ከሜክሲኮ አገር የመጣ፣ ቅጠሉ እሾኻም፣ አበባው ቢጫ፣ ሲሰበርም ቢጫ ወተት የሚያወጣ አረም አለ። ፍሬው ጥቁርና ድቡልቡል ስለሆነ ከጎመን ዘር ጋር ቢደባለቅ ለመለየት ያስቸግራል፤ የኑግ ፍሬ ግን ሞላላ ነውና በጥንቃቄ ያየ ሰው ይለየዋል። ከዚህ አረም ጋር ተጨምቆ የወጣውን ዘይት የበላ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ልቡም ይደክማል፤ ዓይኑም የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ወጥ በሚሠራበት እሳት መርዙ አይጠፋም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. በህንድ አገር በደልሂ ከተማ በዚህ ምክንያት ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ እንዲሁ ያለ በሽታ ታይቷል። ስለዚህ አረሙ ፍሬ ሳይዝ ከእርሻው ተነቅሎ እንዲቃጠል፣ መጭመቂያ ያላቸውም ያልተበጠረና ያልተለቀመ ዘር እንዳይቀበሉ የወረዳው ሹም ቢቆጣጠር፣ በሽታው ከገባ በኋላ ሐኪም ከመፈለግ ይቀላል።

ሌላው ነገር የዘሩ መብቃት ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ታላቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ በደብረ ማርቆስም ሌላ ተሠርቷል። መኪናው በአጠገብ ቢቆምም የገበሬው ዘር ካልበቃው ድፍድፉን ከባሕር ማዶ ማምጣት ግድ ይሆንበታል።

ኑግ አንድ ጉድለት አለበት፤ ቶሎ ይበላሻል። ብርሃንና ሙቀት ሽታውን ይለውጡታል። ስለዚህ ዘሩን አድርቆ ማኖርና ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ ማስጨመቅ ይሻላል፤ የወጣውንም ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ከድኖ ከምድጃው ርቆ ማስቀመጥ ነው። ለመጥበሻ የዋለውንም መልሶ መላልሶ ማፍላት አይገባም፤ የጠቆረና የሚያጨስ ዘይት ከየትኛውም ዘር ቢወጣ መደፋት አለበት።