አባቷን የምታሳድደው ልጅ

በኮሚክ መጽሐፍ ውስጥ ክፉው ሰው ከሌላ ዓለም የመጣ ጭራቅ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ጀግናው ይመታዋል፣ ታሪኩም ያልቃል። ክፉው ሰው የጀግናዋ አባት ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ የምትሰነዝረው ቡጢ ሁሉ እሷንም ያማታል።

ከዚህ ዓይነት ታሪኮች የታወቀው የስቴፋኒ ብራውን ነው። ደራሲው ቸክ ዲክሰንና ሠዓሊው ቶም ላይል በ1992 እ.ኤ.አ. በባትማን ታሪክ ውስጥ አስገቧት። አባቷ አርተር ብራውን፣ በቅጽል ስሙ ክሉማስተር፣ ወንጀል ሲሠራ ፍንጭ ትቶ መሄድ ልማዱ የሆነ ሰው ነው። ከእስር ሲወጣ ታርሜአለሁ አለ። እውነትም ፍንጭ መተው አቆመ፤ ስርቆቱን ግን አላቆመም። ይህን ያወቀች ልጁ ሐምራዊ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷን ሸፍና፣ እሱ ያስቀረውን ፍንጭ እሷ ትተውለት ጀመር። ስሟን ስፖይለር አለች፤ አበላሺ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ አትበርም፤ ጥይትም አይመልሳትም። ያላት መሣሪያ አንድ ነው፤ አባቷን ከፖሊስ ሁሉ አብልጣ ታውቀዋለች። ንዴቷ በርትቶ ልትገድለው ስትቃረብ ባትማን አስቆማት፤ አባትየው ወደ እስር ቤት ተመለሰ። በኋላ፣ በ2004 ሮቢን፣ በ2009 ደግሞ ባትገርል ሆናለች። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ታሪኳ ነው።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልጅን ቂመኛ ያደርጋል ብለው ይሰጋሉ። ቂምን ግን ከኮሚክ አልተማርነውም። የአባቱ ወይም የወንድሙ ደም ላልተመለሰለት ቤተሰብ ልጅ ሲወለድ ደመላሽ ብሎ መሰየም በአገራችን የቆየ ነው። ሕፃኑ ገና ጡት ሳይጥል ዕዳ ተጽፎበታል ማለት ነው። በጎንደር ቆላ በደም ምክንያት ቀዬውን ጥሎ ወደ ሱዳን የተሻገረ ሰው ታሪክ ለአካባቢያችን ሰው እንግዳ አይደለም። ሽማግሎች ገዳይንና የሟችን ወገን አስታርቀው ካሳ ሲያስከፍሉ፣ ሁለት ወገን ስላለ ነው የሚያስታርቁት። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ማዕድ የሚቆርሱ ሲሆኑ ሽማግሌው ማንን ከማን ያስታርቃል? የስቴፋኒ ታሪክ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ከአባቷ ተቃራኒ የቆመች ልጅ በታሪካችንም አለች። ራስ ዓሊ የቋራውን ካሳ በጋብቻ ሊያስሩት ልጃቸውን ተዋበችን ሰጡት። ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ በ1853 እ.ኤ.አ. አይሻል ላይ አማቱን ድል ነሣ። የተዋበች ልብ ከባሏ ጋር እንደ ነበር ይተረካል። ይህ በቀል አይደለም፤ ምርጫ ነው። (የኒው ሀልፋን እርሻ የሚያጠጣው አትባራ ከዚያው ከጎንደር ምድር ነው የሚነሣው፤ እዚያ ጓንግ ይባላል።)

የራሳችን ኮሚክ የለም ወይ የምትሉ አትጠፉም። አለ። ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ጀምበርን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ቀጥሎ የመጣችው ሃዊ ደግሞ ሴት ናት። በውጭ አገር ያደገችው ልጅ ከእናቷ ጋር ኢትዮጵያ መጥታ እናቷ ትታፈንባታለች፤ ፍለጋው እዚያ ይጀምራል። ስቴፋኒ ወላጇን ለማስያዝ ትሮጣለች፣ ሃዊ ወላጇን ለማስለቀቅ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ደስ ይላል።

ራሳችሁ መሣል ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንደ ማጂድ ያለ የዐረብኛ መጽሔት ያነበበ ልጅ ሥዕሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ መከተል ለምዷል። በአማርኛ ስትሠሩ ግን ገጹ ከግራ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው በስተግራ ይቁም፤ የንግግሩም ክብ ከላይ ይሁን። አባትየውን በስተቀኝ አቁማችሁ ቀድሞ እንዲናገር ካደረጋችሁት አንባቢው መልሱን ከጥያቄው በፊት ያነባል። ክቡን ከመሣላችሁ በፊት ደግሞ ፊደሉን በእርሳስ ጻፉ፤ አለዚያ ቃሉ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል።