ሰኔ ላይ ሜዳ ዳር ምን ለብሰን እንቁም?

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ለዜና አጻጻፍ ትምህርት የትምህርት ክፍሎች የእግር ኳስ ፍጻሜን እንድዘግብ ታዘዝኩ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ስለነበር እሷን አምኜ በካናቴራ ላይ ኮፍያ ያለው የጥጥ ሹራብ፣ ጂንስ ሱሪና ሸራ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ፎቶ የሚያነሳልኝ የክፍል ጓደኛዬማ በአንድ ሸሚዝ ነው የመጣው። ጨዋታው በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ለእረፍት ሲወጡ የማስታወሻ ደብተሬ ሊጥ ሆኗል። እስክሪብቶው እርጥብ ወረቀት ላይ አልጽፍ አለ፤ ቢጽፍም ጣቶቼ አይታዘዙኝም። በሁለተኛው አጋማሽ የጓደኛዬ ጥርስ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ የጠየቅኩትን ሲመልስልኝ አፉ ተያያዘ፤ የካሜራውን ቦርሳ መዝጋት እንኳ አቃተው። ደግፌው ወደ ጥበቃ ቤት ሄድን። አባባ ጥበቃው ገና ሲያዩት ጋቢያቸውን አነሱ። እኔ ተቀብዬ ከላይ ላለብሰው ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ ልጄ፣ እርጥብ ላይ ደረቅ አይደረብም። መጀመሪያ ያውልቀው!» አሉኝ።

እርጥቡን አውልቆ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ትኩስ ሻይ ይዞ ነፍስ ሲዘራ ከሜዳው ጩኸት ሰማን። የማሸነፊያዋ ጎል ገባች። እኔ አላየኋትም። ማን እንዳገባት ከአንድ ተመልካች ጠይቄ ጻፍኩ፤ ዘገባው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ስሙ የተሳሳተ መሆኑ ታወቀ። ጎሏን ያገባው ልጅ መጥቶ «ለእናቴ በስልክ ላነብላት ነበር» ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እርማትም ወጣ። ግን እርማት እንደ መጀመሪያው አይነበብም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ቀን ነው። ስለ ብርድና ስለ አለባበስ ያነበብኩትን ለእናንተ ላካፍል።

ብርድ እንዴት ያሸንፈናል?

የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ35 በታች ከወረደ ሐኪሞች ሃይፖሰርሚያ ይሉታል። ሲጀምር መንቀጥቀጥ ነው፤ ቀጥሎ ጣት አልታዘዝ ይላል፣ ንግግር ይጎተታል፣ ሰውየው ይፈዛል። እየባሰ ሲሄድ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ይሄኔ «ተሻለው» ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ ሰውነቱ ሙቀት ለማምረት አቅም እያጣ ነውና ቶሎ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን ይህ የበረዶ አገር ችግር ይመስለናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል በፍጥነት ከሰውነት ይወስዳል። ስለዚህ በ10 ዲግሪ የበሰበሰና ነፋስ የሚመታው ሰው፣ ከዜሮ በታች በደረቅ ልብስ ከቆመ ሰው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ለምድር ወገብ ቅርብ ሆነን ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምንንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ሙቀት ከሰውነታችን የሚወጣው በአራት መንገድ ነው። አንደኛው በንክኪ ነው፤ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ስንቀመጥ ማለት ነው። ሁለተኛው ነፋስ ገላችን አጠገብ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ጠርጎ ሲወስደው ነው። ሦስተኛው ላብ ወይም ዝናብ ገላችን ላይ ሲተን ነው። አራተኛው በጨረር መልክ የሚወጣው ነው። ጥሩ አለባበስ ማለት እነዚህን በሮች በተቻለ መጠን መዝጋት ነው።

ሯጮቹ ምን አስተማሩን?

«ስፖርተኛ አይበርደውም» የሚል ካለ የ2010 ዓ.ም.ን (እ.ኤ.አ. 2018) የቦስተን ማራቶን ያስታውስ። ሚያዝያ 8 ቀን ነበር፤ ከባድ ዝናብና ፊት ለፊት የሚመታ ኃይለኛ ነፋስ ነበረ፤ ሙቀቱም ከዜሮ ብዙም ከፍ አላለም። ከኢትዮጵያና ከኬንያ የሄዱትን ጨምሮ ብዙ ስመ ጥር አትሌቶች ሩጫውን አቋረጡ። በወንዶች ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፣ በሴቶች አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ አሸነፉ። ሊንደን ያሸነፈችው ነፋስ የሚከላከል ጃኬቷን ለብሳ ነው። ሯጭ ሙቀት የሚያመነጨው በፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ በበሰበሰ ስስ ማሊያ ላይ የሚተርፈው ብርድ ብቻ ነው።

ከዚያ የከፋው ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር የደረሰው ነው። የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ላይ ከተሰለፉት 172 ሯጮች 21ዱ ሞቱ። ብዙዎቹ ቁምጣና ስስ ማሊያ ነበር የለበሱት። ከፍታው ላይ ሳሉ በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ደረሰባቸው። አንድ እረኛ ስድስቱን ወደ ዋሻው አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ አዳናቸው። የሞቱት ስፖርተኞች ናቸው፤ ያዳናቸው ደግሞ ደረቅ ቦታና እሳት የነበረው እረኛ ነው። አባባ ጥበቃውን ያስታወሰኝ ይሄ ነው።

ሦስቱ ደርቦች

ዋናው ነገር አንድ ወፍራም ልብስ ሳይሆን ብዙ ስስ ልብስ መደረብ ነው። ለምን ቢሉ፣ የሚያሞቀን ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በደርቦቹ መካከል የሚታሰረው አየር ነው። ደግሞም ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ፣ ሲበርድ መመለስ ይቻላል።

የውስጠኛው ደርብ ገላ የሚነካው ነው። ሥራው ላብን ከገላ ማራቅ ነው። ጥጥ እዚህ ላይ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ብዙ የስፖርት ማሊያዎች የሚሠሩበት ፖሊስተር ግን ውሃ እምብዛም ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ አሮጌ ማሊያችሁን አትጣሉት፤ ምርጥ የውስጥ ልብስ ነው።

የመካከለኛው ደርብ ሙቀት የሚይዘው ነው። የሱፍ ሹራብ እዚህ ላይ ወደር የለውም፤ ቢረጥብ እንኳ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ከሰልባጅ የሚገኘው ጸጉራም የፖሊስተር ሹራብም ጥሩ ነው፤ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ስለሆነ።

የውጪው ደርብ ነፋስና ዝናብ የሚመልሰው ነው። የዝናብ ልብስ ካለ እሰየው፤ ከሌለ አንገትና እጅ የተቀደደለት ትልቅ ላስቲክም ሥራውን ይሠራል። ላስቲክ ላብን አፍኖ ስለሚይዝ ግን ዝናቡ ሲያባራ ገለጥ አድርጎ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ይህ ዘዴ ከውጭ የመጣ አይምሰላችሁ። ነጠላ ስስ ነው፤ ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው፤ ሙቀቱም በድርቡ መካከል ካለው አየር ነው። የመንዝ ሰው ከበግ ጸጉር በርኖስና ዝተት ይሠራል። እረኛው ደግሞ ዝናቡን በሣር ጌሳ ይመልስ ነበር። የአያቶቻችንን ልብስ ብናስተካክለው በርኖሱ መካከለኛ፣ ጌሳው የውጪ ደርብ ነው። ጋቢ ግን ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሲሆን የሚስተካከለው የለም፣ ከበሰበሰ ግን ሸክም ነው። ጋቢ ይዛችሁ ሜዳ የምትሄዱ ከላስቲክ በታች ልበሱት።

ሜዳ ዳር ስንሆን

የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት፣ ልጅ ሳለሁ አባቴ ካታንጋ ይዞኝ ይገባ ነበር። ሁልጊዜ ካርቶን በብብቱ ይይዛል። ያኔ ሱሪያችን እንዳይቆሽሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ ካርቶን ውስጥ የታሰረው አየር የሲሚንቶውን ብርድ ይከላከላል! እናንተም ያዙ፤ ከላይ በፌስታል ጠቅልሉት እንጂ።

እግርን በተመለከተ፣ ጫማ እስኪጠብ ሁለት ካልሲ መደረብ ጉዳቱ ይብሳል፤ አየሩን ያስወጣዋል፣ የደም ዝውውሩንም ያጠብበዋል። አንድ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ቋጥሮ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ይበልጣል። ዣንጥላ ለራስ ጥሩ ነው፣ ለጎረቤት ግን ፀብ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው «ዝቅ አድርጉ!» ብሎ መጮኹ አይቀርም፤ ነፋስ ሲመጣም ዣንጥላው አይረዳም። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ሁለቱንም ይፈታል።

«ለብርድ መድኃኒቱ አረቄ ነው» የሚለውንም እንተወው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ደሙ ወደ ቆዳ ሲመጣ የሞቀን ይመስለናል፣ ሙቀታችን ግን በዚያው ይወጣል። ትኩስ ሻይ ይሻላል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ልጨምር። እስክሪብቶ ይዛችሁ እርሳስ አትርሱ፤ እርሳስ ቀለሙ በዝናብ አይፈስም። ደብተሩን በፌስታል፣ ፌስታሉን በውጪው ልብስ ሥር አድርጉት። ትምህርት ቤት «ምን፣ ማን፣ የት፣ መቼ» ብለን እንማራለን። «ማን» የሚለውን በዓይናችን አይተን ለመጻፍ ግን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሜዳው ዳር መቆም አለብን፤ ለመቆም ደግሞ መድረቅ አለብን።

ዘንድሮም ፍጻሜው ሰኔ ላይ ነው። ለመዘገብ በፈቃዴ ተመዝግቤያለሁ። ማሊያዬ፣ የአባቴ ሱፍ ሹራብና የሃምሳ ብር ላስቲኬ ተዘጋጅተዋል። ያ ልጅ ዘንድሮም ይጫወታል፤ ጎል ካገባ ስሙን ራሴ አይቼ እጽፋለሁ።

ቸር ይግጠመን!