ሳይታሽ የሚሻለው ጉልበት

«እትዬ፣ አይነሱ፤ እኔ አቀብልዎታለሁ።» ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ባሉበት ቤት ይህ ቀኑን ሙሉ ይባላል። ከፍቅር ነው፤ ለጉልበቱ ግን አይበጅም።

በደፈናው ቁርጥማት ከምንላቸው ሕመሞች አንዱ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ልም አጥንት ይሳሳል፤ ሲነሱ ሲቀመጡ ጉልበቱ ይንቋቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 የጉልበቱ ዓይነት ብቻውን 365 ሚሊዮን ሰው ይዞ ነበር። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ጉልበቱ ሲጫንና ሲለቀቅ ፈሳሹ ስፖንጅ ውስጥ እንዳለ ውሃ ይገባል፣ ይወጣል። ሰው ተቀምጦ ሲውል ደግሞ የጭኑ ጡንቻ ይደክምና ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚታዘዘው እንቅስቃሴ ነው።

እንቅስቃሴውን ለመማር ግን ታክሲ መጋፋት፣ የክሊኒክ ደረጃ መውጣት አለ፤ ያውም በታመመ ጉልበት! በቪዲዮ ጥሪ ይሁን ሲባል ደግሞ ብዙው ሰው ያመነታል። ፊዚዮቴራፒስት ሲባል ወጌሻ ይመስለናላ፤ ካልዳሰሰ፣ ካላሸ የሠራ አይመስለንም።

አውስትራሊያ ውስጥ ይህ ተፈትኗል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው 394 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ክሊኒክ ሄዱ፣ ገሚሶቹ በቪዲዮ ጥሪ ታከሙ፤ ሁሉም በሦስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፦ በሕመም መቀነስም ሆነ በመንቀሳቀስ አቅም የቪዲዮው ወገን ከክሊኒኩ አላነሰም። የሚያሽለው እጅ ሳይሆን የታማሚው የራሱ ጡንቻ ነበርና።

የቪዲዮው ትምህርት ቀላል ነው። ስልኩ ሙሉ ሰውነት እንዲያሳይ ስኳር ዕቃ ላይ ይደገፋል። ታማሚዋ ግድግዳ በተደገፈ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሳሉ፤ ሲቀመጡ ቀስ ብለው፣ ዘጭ ሳይሉ። ከከበደ ትራስ ተጨምሮ መቀመጫው ከፍ ይላል። ዱካው ለጊዜው ይቆይ። ትንሽ ማመሙ አያስፈራም፤ ከአሥር አምስት ካላለፈና በማግስቱ ከበረደ ይቀጠላል። ጉልበቱ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይም አልታጠፍም አልዘረጋም ካለ ግን በአካል ሐኪም ማየት ነው።

የሚከብደው መቀጠሉ ነው፤ ሰው ይሰለቻል። ለዚህ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ያገኘውን መላ ወድጄዋለሁ። 206 ሰዎች ነበሩ፤ ገሚሶቹ ያለ ፊዚዮቴራፒስት፣ እንቅስቃሴውን ከድረ ገጽ እያዩ ለ24 ሳምንት ሠሩ። «ስንት ጊዜ ሠራህ?» የሚል አጭር መልእክት በስልካቸው ይመጣል፤ ያልሠራ ምክንያቱን ይመልሳል፤ ለዚያው ምክንያት የሚሆን ምክር ይላክለታል። ከነዚህ ከመቶ 72ቱ ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ፤ ስለ ሕመሙ መረጃ ብቻ ካነበቡት ግን 42ቱ። ለመልእክቱ ባለ ቁልፏ ስልክም ትበቃለች።