ቴክኖሎጂ በመማሪያ ክፍል፦ ጥቅሙና አያያዙ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮች! ሜክሲኮ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ከዐስር ሶላት በኋላ ጠየቀችኝ፦ «ኡስታዝ፣ ልጄ ያለ ስልክ ትምህርቴን መከታተል አልችልም አለኝ። ብገዛለት ከእጄ እንዳይወጣ እፈራለሁ፤ ባልገዛለት ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ምን ላድርግ?» ይህ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው።

በመሣሪያ መማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ወሕይ «ኢቅረእ» ብሎ ጀምሮ ብዕርን ያወሳል። አባቶቻችንም ቁርኣንን የቀሩት በእንጨት ለውሕ ላይ እየጻፉ፣ እያጠቡም እንደገና እየጻፉ ነው። ለውሑ የዘመኑ መሣሪያ ነበር፤ ከለውሑ ጎን ግን ሁልጊዜ ኡስታዝ ነበር።

የአገራችንን ልምድ እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ተማሪዎች «ፕላዝማ» ይሉታል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሌሎችም በዚሁ ተሰጡ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ ቤተ ሙከራ በሌለው ት/ቤት ያለ ተማሪ ሙከራውን በዓይኑ አየ፤ የገጠሩና የአዲስ አበባው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ቀረበላቸው።

ችግርም ነበረው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በፍጥነት ይቀርብ ነበር። ሥርጭቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚተላለፍ መምህሩ ሊያቆመውም ሊደግመውም አይችልም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ያልፋል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያነሳ ፕላዝማው አያየውም።

ይህን በመድረሳም እናውቀዋለን። ልጅ የታላላቅ ቃሪኦችን ድምፅ በካሴት፣ ዛሬም በስልክ ሰምቶ ማስመሰል ይችላል። አንዱን ሐርፍ ከተሳሳተ ግን የሚያርመው ኡስታዙ ነው። መሣሪያው ያሰማል፣ ያሳያል፤ የሚያርመው መምህሩ ነው።

ዛሬ በኮምፒውተርና በስልክ የተቀዳ ትምህርት ይቆማል፣ ይደገማል። ለዘገየው ልጅ ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ነገር ግን ሁሉም ቤት አይደርስም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። መሣሪያና መብራት የሌለው ቤት ልጅ ግን ከትምህርቱ ተለይቶ ቀረ።

ስለዚህ ለዚያች እናት እንዲህ አልኳት፦ መጀመሪያ ስልኩ ለምን ትምህርት እንደሚያስፈልግ መምህሩን ጠይቂ። ከገዛሽም ስልኩ የልጁ ሳይሆን የቤቱ ይሁን፤ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጠቀምበት፣ ማታ ወደ አንቺ ይመለስ። የሶላት ወቅት ሲገባ ይዘጋ። የተማረውን በራሱ ቃል ያስረዳሽ፤ ማስረዳት ካልቻለ አይቷል እንጂ አልተማረም። እህቱም እኩል ድርሻ ይኑራት። የጎረቤት ልጅ ከሌለው አብሮ ይማር፤ ጎረቤት ሐቅ አለውና።

ወንድሞችና እህቶች! ልጆች አማና ናቸው። አማናን ለመሣሪያ አስረክቦ መሄድ አይቻልም፤ መሣሪያውን ፈርቶ ልጅን ከዕውቀት ማራቅም አይገባም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፤ ልጆቻችንን ሷሊሕ ያድርግልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።