ከባሶ ገበያ እስከ ምጽዋ ወደብ

ጉንደ ወይን ላይ ሆኖ ስለ ባሕር ወደብ ማውራት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ከጎጃም ደጋ ተነስቶ ቀይ ባሕር የሚደርስ የንግድ መንገድ ነበር። ያንን መንገድ በአብዛኛው የያዙት ደግሞ ጀበርቲ እየተባሉ የሚጠሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው።

መነሻው ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ነው። ከአባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከአካባቢው፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ የኛ ሰዎች እጅ ስላለበት ልንሸሽገው አይገባም። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ሲራራው ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ በአድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ያቀናል።

ሙስሊሙ ለምን ነጋዴ ሆነ? በጎጃም ሙስሊሞች በአብዛኛው የርስት መሬት አይፈቀድላቸውም ነበር። የቀረላቸው ንግድና ሽመና ነው። መሬት የማግኘት መብት የመጣው በ1967 ዓ.ም በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ስለዚህ የምጽዋ መንገድ ለአያቶቻችን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ምጽዋን ኦቶማን ቱርኮች በ1557 (እ.ኤ.አ.) ያዟት። ለረጅም ጊዜም በስማቸው ያስተዳደሯት የሕርጊጎ ናኢቦች ናቸው። በ1860ዎቹ ግብፆች ተረከቧት። ደሴቶቹን ከየብስ ጋር ያገናኘው መንገድም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በየካቲት ወር 1885 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን ገባ፤ አስመራ እስክትተካት ድረስም የኤርትራ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ወደ አስመራ የሚወጣው ባቡር በ1911 ተጠናቀቀ። በኛ በኩል ግን የጅቡቲ ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የጎጃም ንግድ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። የባሶም ዝና አብሮ ደበዘዘ።

ከተማዋን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ቤቶቹን ነው። ከባሕር ኮራል ድንጋይ ተገንብተው፣ ነፋስ እያስገቡ ከውጭ ዓይን የሚከልሉ የእንጨት ፍርግርግ መስኮቶች አሏቸው፤ የጅዳን አሮጌ ሰፈር የሚያውቅ ሐጃጅ ወዲያው ይለያቸዋል። ጥንታዊው የሼኽ ሐነፊ መስጂድም እዚያው ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ደግሞ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሃቦች (ረ.ዐ) ከመርከብ የወረዱት በምጽዋ ነው፤ በስማቸው የሚጠራ መስጂድም አለ። ከወደቡ ማዶ በዳህላክ ደሴቶች በኩፊ ጽሑፍ የተቀረጹ የጥንት ሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ይህ ትውፊት ሳይሆን የሚነበብ ማስረጃ ነው።

ከተማዋ ግን ተጎድታለች። በ1921 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም ውጊያና ከዚያ በኋላ በተከተለው የአየር ድብደባ ብዙ ሕንፃ ወደመ። ቤተ መንግሥቱም ከተጎዱት አንዱ ነው።

ኮራሉ ሲፈርስ ፎቶው ቢያንስ ይቀራል። የሲራራው ነገር ግን ያለው በውጭ መንገደኞች መጽሐፍና በአረጋውያን አንደበት ነው። በየጁቤ፣ በሞጣ፣ በጉንደ ወይን የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አያቶቻችሁ የት ያድሩ እንደነበር፣ አባይን በየትኛው መልካ እንደተሻገሩ፣ ማን በመንገድ እንደቀረ ጠይቁና በስልካችሁ ቅረጹ።